አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ

ስሟን ያወጡላት ሰዎች ገና አላወቋትም ነበር። ትሕትና አሏት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስሙን እንደ ክት ልብስ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖረች እንጂ አንድም ቀን አውጥታ አልለበሰችውም።

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ትሕትና የማትንቀው ነገር ቢፈለግ አይገኝም። ነፋሱን ትንቃለች፤ አቧራ ከመበተን ሌላ ሙያ የለውም። ከደብረ ብርሃን የሚመጣውን አውቶቡስ ትንቃለች፤ ሲመጣም ሲሄድም እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያስለዋል። ከሁሉ በላይ የምትንቀው ግን የሰው ጽሕፈት ነው። በወረዳው መዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስትመዘግብ ስለምትውል የአገሩ አጻጻፍ ሁሉ በእጇ ያልፋል። «ሥራ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፈ ኃላፊ ደብዳቤው በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ይመለስለታል። ይናደዳል፤ ቢናደድስ? የመሪጌታ ወልደ አማኑኤልን ልጅ ስለ ፊደል ማን ሊከራከራት!

ንቀቱን የወረሰችው ከአባቷ ነው። መሪጌታ ሰባት ትውልድ ቆጥረው «ከቤታችን አዝማሪ አልወጣም» ሲሉ ዳዊት የሚደግሙ ይመስላሉ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አሥር አውታር ያለው በገና ተሰቅሏል። በጾም ወራት ከሰዓት በኋላ አውርደው ይደረድሩታል፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። ትሕትና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች «አባባ፣ ያስተምሩኝ» ብላቸው ነበር። ጣቶቿን ያዝ አድርገው አዩና፣ «በገና ትሑት ጣት ይፈልጋል። ያንቺ ጣት እንደ አፍሽ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። እግራቸው ሥር ተቀምጣ የጣታቸውን አካሄድ ብቻ ታያለች። ይህን በሕይወቷ ለአንድ ሰው ብቻ ነግራለች፤ ለእሱም የነገረችው አንዴ፣ በደብዳቤ፣ ያውም እየሳቀች ነው።

ያ ሰው ይታየው ነው። ስለ ይታየው ሲወራ የሚቀድመው ጉድለቱ ነው፤ ትሕትናም የምትጀምረው ከዚያ ነበር። በጎረቤቷ ከተማ በዘመሮ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ መሐል ሜዳ «የበግ ሐኪም» ብሎ ሲያበቃ ሳቁን ያስከትላል። ጃኬቱ የበግ መድኃኒት ይሸታል። አያቱ ማሲንቆውን ታቅፎ በየሰርጉ የዞረ አዝማሪ ነበር። ይባስ ብሎ ራሱ ጊታር ይመታል፤ ለገንዘብ አይደለም፣ ከሥራ ሲመለስ ለገዛ ራሱ። ትሕትና ጊታሩን «ያ ሳጥን» ነበር የምትለው። ይታየው አይጠጣም፣ አይቅምም። ለእናቱ ልኮ ከተረፈችው ደሞዙ ላይ ለራሱ ደስታ ብሎ በየወሩ ጥቂት ብር ባዶ የመድኃኒት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ያቺ ቆርቆሮ የሀብቱ ሁሉ ድምር ናት።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ወደደችው? አምና በጾም የአባቷን በቅሎ ሊያክም መጣ፤ ሦስት ቀን ተመላለሰ። በሄደ በሳምንቱ የበቅሎዋን ጤና የሚጠይቅ ደብዳቤ ለትሕትና ጻፈ። በቅሎ ደብዳቤ እንደማታነብ ሁለቱም ያውቃሉ። ትሕትና አሥራ አንድ ስሕተት በቀይ አስምራ መልሳ ላከችለት። ሌላ ወንድ ቢሆን ተቀይሞ ይቀር ነበር። እሱ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ፣ አርሞ ጻፈላት። በሁለተኛው ደብዳቤ ስሕተቱ ሰባት ሆነ፣ በሦስተኛው አራት፤ እያለ እያለ አንድ ላይ ቆመ። አንዷ ብቻ አልጠፋ አለች፦ «ኃይል»ን ዘወትር «ሀይል» ይላል። ትሕትና ያቺን አንዲት ፊደል ለማረም ስትል ደብዳቤውን አምስት ጊዜ ታነበዋለች። አምስት ጊዜ የተነበበ ደብዳቤ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ወደደችው። መውደዷንም ናቀችው፤ ግን አልተዋትም።

በዚህ ዓመት ጾም ሲገባ ቁርጡን ነገረችው። «ከፋሲካ በፊት ሽማግሌ ላክ። ከዚያ በፊት ግን ቆርቆሮህን ክፈትና ኮት ግዛ። አባቴ አንተን ሳያዩ ኮትህን ነው የሚያዩት።» እሱም እሺ አለ።

*

ደብዳቤ የምታመላልስላቸው ጥሩሸዋ ናት፤ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ የትሕትና የልጅነት ጓደኛ። ዘመኑ በመሐል ሜዳ ስልክ ለመደወል ወረፋ የሚያዝበት ነበርና ፍቅረኛሞች ከስልክ ይልቅ በጥሩሸዋ ባና ያምናሉ። አንድ ማክሰኞ ከዘመሮ ስትመለስ ከታጠፈ ባና ውስጥ ደብዳቤ መዝዛ ሰጠቻት። ትሕትና መዝገብ ቤት ገብታ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ከፍታ ማንበብ ጀመረች።

«ውድ ትሕትና፣

አንድ ነገር ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። ሁለተኛ ላመጣ ነው። የመጀመሪያዋን ጠልቼ አይደለም። ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል፤ የዘመሮን ብርድ ችላ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል አድራለች። ግን እሷ የማትችለው ነገር አለ፤ ባስጨንቃትም ከሀይሏ በላይ ነው። ባለፈው ደብረ ብርሃን ወርጄ አንዲት አየሁ። አሮጌ ናት። አንገቷ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ከእኔ በፊትም ብዙ እጅ ነክቷታል። ግን ሆዷ ሰፊ ነው፣ ድምጿም ወፍራም ነው። የኮቱን ነገር ለጊዜው ተይው፤ ያጠራቀምኳትን ለእሷ ላደርጋት ነው። ለእኔ አቅም የምትሆነው እንዲህ ያለችው ናት፤ ርካሽ ናት።»

ገጹ እዚህ ላይ አለቀ። የትሕትናም ትዕግሥት አብሮ አለቀ።

መጀመሪያ «ሀይሏ»ን አሰመረችበት፤ እጇ ለምዶ ነው። ከዚያ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ስምንት ዓመት አብራው የኖረች አንዲት አለች። ደብረ ብርሃን ደግሞ ሆደ ሰፊ ሌላ አለች። «እኔ ሦስተኛ ነኝ ማለት ነው!» አለች ጮክ ብላ። ወረፋ ይዞ የቆመ አንድ ገበሬ «እኔ ነኝ አንደኛው፣ እመቤት፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምኩት» አላት።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ሰው ሁሉ የማይረባ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ክፉ ዜና ሲመጣለት አይመረምርም። እንደጠበቀው ነው የሚሆንለት። የአገር ደብዳቤ ስታርም የኖረችው ልጅ የራሷን ደብዳቤ ገልብጣ አላየችም። የመዝገብ ቤት ሰው ማኅተሙን የሚመታው ከፊት ለፊት ነው፤ ጀርባውን ማን ያየዋል?

በዚያው ሰዓት መልስ ጻፈች፤ በሥራ ወረቀት፣ በሥራ ደንብ።

«ለአቶ ይታየው፣ ዘመሮ። ጉዳዩ፦ ስለ ሁለተኛዪቱ። አቅምዎ የሚፈቅደውን ርካሽ ዕቃ በማግኘትዎ የተሰማንን ደስታ እየገለጽን፣ ከእንግዲህ ወዲህ ወደዚህ አድራሻ ምንም ዓይነት ደብዳቤ እንዳይላክ በጥብቅ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር።»

ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም መታችበት። ማኅተሙን ስትመታ እንባዋ የቀለሙ ሳጥን ላይ ጠብ አለ። ማንም አላየባትም፤ ያ ብቻ አጽናናት።

ቤት እንደገባች ለእናቷ ለወይዘሮ አስካለ ማርያም፣ «የምስክር ሽማግሌዎች ይምጡ» አለቻቸው። እናቷ ይህን ሰው አግቢ እያሉ ሁለት ወር ሙሉ ሲለምኗት ነበርና እልል ሊሉ ቃጣቸው።

ስለ ምስክር ብዙ ማለት ወረቀት ማባከን ነው። የወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይሄዳል፣ በመካከል ይበላል። የዛሬ ሁለት ወር ለትሕትና ፍቅሩን ሲገልጽላት «ከፍቅር አኳያ ያለብኝን ክፍተት በአንቺ ለመሙላት አቅጃለሁ» አላት። «የአፈጻጸም ችግር እንዳይገጥምህ» ብላው ሄደች። እሱ እንዳሾፈችበት አልገባውም፤ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው። ሽማግሌዎቹ በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲመጡ ተቀጠረ።

ጥሩሸዋ የትሕትናን መልስ አድርሳ ስትመለስ ከሳቅ የተነሣ ባናዋን መሸከም አቅቷት ነበር። «አንቺ የማትረቢ! ሁለተኛዋ እኮ ጊታር ናት! ደብረ ብርሃን ሄዶ ገዝቷታል፣ በዓይኔ አይቻታለሁ። አንገቷ ጠመም ያለ፣ ሆዷ ሰፊ!»

ትሕትና ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ልቧ «እሰይ» ብሎ ሊዘል ሲል ኩራቷ እግሩን ያዘው።

«ጊታር?» አለች። «ኮቱን ትቶ ጊታር? አንድ እያለው? ሁለተኛ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር!»

«ኧረ ማርያምን በይ!»

«ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ አስወጣት ነበር። ሁለት ሳጥን የሚያቅፍ ሰው ግን ለአባቴ ምን ብዬ ነው የማስተዋውቀው?»

«እና ሽማግሌዎቹን አስቀሪያቸው።»

«ተቀጥሯል» አለች ትሕትና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በንዴት የታጠቀችውን ነገር ቁጭ ብላ ልትፈታው ትችል ነበር። ግን እንዲያ ለማድረግ «ተሳስቻለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን ቃል ደግሞ በየትኛውም ቀለም ጽፋው አታውቅም።

*

ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ ከዘመሮ የመጣው አይሱዙ ቆመ። ከላዩ ይታየው ወረደ፤ አንዱን ጊታር በደረቱ፣ አንዱን በጀርባው አንግቶ። የለበሰው ያንኑ መድኃኒት የሚሸት ጃኬት ነው።

መሐል ሜዳ የሚስቅበት ነገር ካገኘ ገበያውን ይዘጋል። ገብረ ክርስቶስ የሚባል አፈኛ በግ ነጋዴ ጠቦቱን እንደያዘ ጮኸ። «አያ ይታየው! ሁለት ክራር ምን ያደርግልሃል? አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ ነው?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ይታየውም ፈገግ አለ። «እንዳልከው ነው፣ ገብሬ። አንዱ ለጾም ነው።»

ይሄኔማ ሰዉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ጥሩሸዋ ባናዋን ከዘረጋችበት አጠገብ የቆመችው ትሕትና ግን አልሳቀችም። ሊያያት ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አንድ ዓመት ሙሉ በወረቀት የለመደችው ሰው ነው፤ እንዲህ በቀን ብርሃን በሰው ፊት ስታየው ልቧ ደነገጠ። የደነገጠችውን ያህል ተቆጣች።

«ኮትህ የታለ?» አለችው።

«ኮቱ ይደርሳል ብዬ ነው። ይህቺ ግን ጾሙ ሳያልፍ መድረስ ነበረባት።»

«ኮቱም አይደርስም። ነገ በቤታችን ሽማግሌ አለ። የሌላ ሰው ሽማግሌ።»

የይታየው እጅ በደረቱ ያለውን ጊታር አጥብቆ ያዘ። «መልስሽ ደርሶኛል» አለ። «ቁጥርና ማኅተም ነበረው። ደብዳቤዬን ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?»

«ርካሽ ናት እስከሚለው አንብቤዋለሁ። ከዚያ በላይ ምን ቀረኝ?»

«ትሕትና፣ ገጹን አልገለበጥሽውም ማለት ነው።»

ሰው ከብቦ ይሰማል። ገብረ ክርስቶስ ጠቦቱን ጭምር ይዞ ቀርቧል። ትሕትና ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው በቀና ነበር። ነገር ግን ብዙ ዓይን ሲያያት ዝም ማለትን ማን አስተምሯት!

«አንድ ጊታር የያዘ ሰው ሞኝ ነው ተብሎ ይታለፋል» አለች፣ ድምጿን ለገበያው ሁሉ እያሰማች። «ሁለት የያዘ ግን አዝማሪ ነው። የአያትህ ማሲንቆ ከደምህ መቼ ይወጣል!»

ሳቅ የነበረው ገበያ ጸጥ አለ። በዚያ አገር ይህ ቃል በቀልድ እንኳ ሲነገር ዱላ ያማዝዛል። ይታየው ግን ዱላ አልነበረውም።

«አያቴ አዝማሪ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም የበግ ሐኪም ነኝ። ሁለቱንም የነገርኩሽ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ነው፤ የደበቅሁሽ የለም። አንቺ ነሽ ስምሽን የዋሸሽኝ።»

ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ትሕትና ልትስቅ ሞከረች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ ሁሉ «ስምሽን የዋሸሽኝ» ይላት ነበር፤ ቤት ገብታም ገጹን እንዳትገልብጥ ኩራቷ ከለከላት።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀመጡ። ትልቁ፣ አቶ ገብረ አማኑኤል፣ የምስክርን ደመወዝ፣ ሥልጣንና የወደፊት ዕቅድ በዝርዝር ያቀርባሉ። ትሕትና ከጓዳው በር ጀርባ ሆና ትሰማለች። አንዲት ጊደር ልትሸጥ ስትል ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት ከዚህ የተሻለ ክብር አለው ብላ አሰበች። ጊደሯን ቢያንስ ያዩዋታል።

በጓሮ በር ጥሩሸዋ ገባች፤ በባና የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች።

«ይኼ የአደራ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ትናንት ለእኔ ትቶት ሄደ። አንቺን ሰድቤ ልጥለው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ከሰዓት በአይሱዙው ይመለሳል። ‹ገጹን ትገልብጥ› ብሏል፤ ሌላ አንድ ቃል አላለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትሕትና ደብዳቤውን ያን ሁሉ ተሳድባ እንኳ አልቀደደችውም፤ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ነበር። አወጣችው። ገለበጠችው። ከጀርባውም እስከ ጠርዙ ድረስ ተጽፎበት ነበር።

«…ይህቺኛዋ ለእኔ አይደለችም፤ ለአንቺ ናት። አባትሽ ‹ጣትሽ እንደ አፍሽ ነው› ብለው በገና እንደከለከሉሽ ነግረሽኝ ነበር። እየሳቅሽ ነው የነገርሽኝ፤ ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሳቅ አላገኘሁበትም። በገና ልገዛልሽ አቅም የለኝም፤ ብገዛውም አባትሽ ቤት አያስገቡትም። አሮጌ ጊታር ግን ማን ያስተውለዋል? የመጀመሪያዋ ክሯ ብረት ነው፤ ለዘፈን እንጂ ለጾም አትሆንም። ለሁለተኛዋ የበግ አንጀት አጥቤ፣ አድርቄ፣ ገምጄ አውታር አደርግላታለሁ። ሙያዬ ነው፣ አትሳቂ። ከአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ እጥልበታለሁ፤ እንደ በገናው እንዲያጉተመትም። ስድስት አውታር ብቻ ነው ያላት፤ ግን ከአባትሽም አሥር ውስጥ የሚናገሩት ጥቂቶቹ ናቸው፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ቅኝቱን አምና ከአጥራችሁ ሥር ሦስት ቀን ቆሜ በጆሮዬ ይዤዋለሁ። በቅሎዋማ በመጀመሪያው ቀን ድና ነበር።

ኃይል፣ ኃይል፣ ኃይል። ይኸው፣ አውቀዋለሁ። ሆን ብዬ ነው የምስተው። የምታርሚው ካጣሽ ደብዳቤዬን ደግመሽ አታነቢውም ብዬ ፈርቼ ነው።

ያንቺው ይታየው።»

ትሕትና ደብዳቤውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወደ መሬት እንዲህ ቀርባ አታውቅም። አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ። በገበያው መካከል እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷ ደግሞ ከሳቅ የባሰውን አደረገች።

ባናውን ገለጠችው። አስቀያሚ ጊታር ነው፤ ቀለሙ ተፋፍቋል፣ አንገቱ በእውነትም ጠመም ብሏል። ደብረ ብርሃን ከደረሰ ሰው ሁሉ ውስጥ ይህን የሚገዛ አንድ ሞኝ ብቻ ነበር፤ እሱንም እሷ ሰድባ ሰደደችው። እቅፏ ውስጥ አስገባችው። መምታት አላሰበችም። ጣቶቿ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዓይን የተማሩትን መንገድ ራሳቸው ሄዱበት፤ አባቷ በየጾሙ የሚጀምሩባትን ያችን ቀስ ያለች ዜማ።

ጊታሩ ተናገረ። ከሆዱ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉተመትም ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ጓዳውን ሞላው፣ በበሩ ሥር አለፈ።

ሳሎን ውስጥ አቶ ገብረ አማኑኤል «ከቤት ዕቃ አኳያም…» እያሉ ነበር። መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ብድግ አሉ።

«በገናዬን ማን ነካው?»

ድምፁ ከጓዳ ይመጣል። አቶ ገብረ አማኑኤል በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «መሪጌታ፣ በገናውማ ይኸው ከራስዎ በላይ ተሰቅሏል።»

መሪጌታ ቀና ብለው በገናውን አዩት። እዚያው ነው፤ ዝም ብሎ ተሰቅሏል። ሰባ ዓመት ጆሮአቸውን አምነው የኖሩ ሰው በእንግዶች ፊት ጆሮአቸው ዋሻቸው። ፊታቸው ጠቆረ። የጓዳውን በር ከፈቱት። ጥሩሸዋ ከባናዋ ጀርባ ተደበቀች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጊታር ነው፣ አባባ።»

«ጊታር እንዲህ አይናገርም።» ጎንበስ ብለው አውታሩን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። «አንጀት ነው» አሉ ለራሳቸው። ቆዳዋንም አዩዋት። «ማን ቃኘው?»

ትሕትና ያንን ስም በአባቷ ፊት አንድም ቀን አውጥታው አታውቅም። «አንድ ሰው ነው» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ነገር ግን ውሸት የሚናገር ጉልበት አልነበራት።

«ይታየው ነው፣ አባባ። የዘመሮው የበግ ሐኪም። የአዝማሪው የልጅ ልጅ። አምና በቅሎዎን ያከመው። ትናንት በገበያ መካከል በአያቱ የሰደብኩት።»

ሳሎኑ ሁሉ ጆሮ ሆነ። መሪጌታ የልጃቸውን ጣት እንደ ዱሮው ያዝ አድርገው አዩት፤ እንደ ዱሮው ግን ምንም አላሉም። ከዚያ ቀና ብለው፣ ያንን የሚታወቁበትን የንቀት ፊት መልሰው ለበሱት።

«ሁለተኛዋን አውታር አላልቷታል» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙት ጮክ አድርገው። «ከቃኙ አይቀር ጨርሶ መቃኘት ነው! ግማሽ ሥራ በቤቴ አልወድም። ይጠራና መጥቶ ያጥብቃት።»

አቶ ገብረ አማኑኤል ከዘራቸውን ሲያነሡ ተሰማ።

*

ትሕትና ነጠላዋን እንኳ በቅጡ አላጣፋችም። የመሪጌታ ልጅ በእሑድ ቀን፣ ጠማማ ጊታር ታቅፋ፣ በዋናው መንገድ ስትሮጥ መሐል ሜዳ በየደጁ ወጥቶ አየ። ለአንድ ወር የሚበቃ ወሬ ነው። ትናንት ብትሆን ኖሮ እሷም ራሷ ቆማ ትስቅበት ነበር።

አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቷል። ይታየው ከላይ፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ እቅፉ ውስጥ አንድ ጊታር ብቻ አለ። አያት። አልተነሣም። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ነው ያለው፤ እሷን የገደላት ያ ድካም ነው።

በመንገድ ላይ ብዙ ቃል አሰናድታ ነበር፤ ደንብ ያለው፣ አንድ ፊደል ያልሳተ ይቅርታ። ሰው ሁሉ እያያት እዚያ አቧራ ውስጥ ስትቆም ግን አንዱም አልመጣላትም።

«ስሜ ትሕትና ነው» አለች፤ ዛሬ ገና እንደምትተዋወቀው።

ይታየው ቁልቁል ተመለከታት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«በየትኛው ‹ሕ› ነው?» አላት።

«በሐመሩ» አለች፤ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። እሱ ከጆንያው ላይ መውረድ ሲጀምር ትሕትና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች፤ ክት ልብሷን የለበሰች ያህልም አማረባት።